የሃንባቷ የሩዝ ሳህን

ሐውልቱ ከመንደሩ አሮጌ ዛፍ ሥር በገለባ ላይ ተጋድሟል። የፊቱ ጽሕፈት አልቋል፤ በትልልቅ ፊደል «አርበኛ ናም ሰክጁ» ይላል። የቀረው ጎኑ ነው፤ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት የሚጻፍበት። ቡንሬ ከተራራው ማዶ፣ ካገባችበት መንደር በእግሯ መጥታ ስትደርስ ጠራቢው ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ አንጠልጥሎ መሮውን ይስል ነበር።

«አክስቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት ቴግዩ። ቴግዩ የሐውልቱ ኮሚቴ ሊቀመንበርና የመንደሩ፣ የጋልጎል፣ የሩዝ ወፍጮ ባለቤት ነው፤ አርባ ዓመት ሳይሞላው የሽማግሌ ድምፅ ያወጣ ሰው። «የአባትዎ የሞት ዓመት የኮሌራው ዘመን ነው አይደል? ለጠራቢው ልንገረው ብዬ ነው።»

«የኮሌራው ዘመን ነው» አለች ቡንሬ። «ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«እንግዲያው አጥንቱን አውጥተን ስንመለስ ይጀምራል።»

ቡንሬ በጉያዋ የያዘችውን ጥቅል ጠበቅ አደረገችው። ሁለት አዲስ የቃጫ ጨርቅ ነው፤ አንዱ የአባቷ አጥንት የሚጠቀለልበት፣ አንዱ የእናቷ። ሁለቱንም የሰፋችው ራሷ ናት። ወንድም የላት፣ እህት የላት። አባትና እናቷን ከዳገቱ አውርዳ ከሐውልቱ ሥር ጎን ለጎን ካስተኛች ከዚያ ወዲያ ከዚህ መንደር የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

አባቷ ሰክጁ በወጣትነቱ በገበያ ቀን ባንዲራ አውጥቶ «ነፃነት» ብሎ የጮኸ፣ ታስሮ የተገረፈ፣ ተፈትቶም አርፎ ያልተቀመጠ ሰው ነው። ማንቹሪያ ጫካ ላሉት ታጋዮች ስንቅ እየሰበሰበ በተራራው ሲያሻግር ተደረሰበትና አገሩን የያዘው የጃፓን ፖሊስ ያድነው ጀመር። ቤቱን ሌት ተቀን ይበረብሩ፣ ሚስቱን ጣቢያ እየወሰዱ እየደበደቡ ይመልሷት ነበር። በዚያው ክረምት ኮሌራ ገባ፤ ከወደቡ ከተማም የሰክጁ ሬሳ በተቸነከረ ሣጥን በበሬ ጋሪ መጣ። ያመጣው የሚስቱ ወንድም ነው። የኮሌራ ሬሳ ማን ከፍቶ ያያል? የጃፓኑ መኮንን መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ከሩቅ ቆሞ ቀብሩን አየና ሄደ። ትንሿ ቡንሬ የሐዘን ልብሷ እያደናቀፋት አፈር ላይ ተንከባላ አለቀሰች። ለቅሶዋ መኮንኑን እንኳ ፊቱን አስዞረው ይባላል።

የእናቷን ስም በጋልጎል የሚያውቅ የለም። ያገባች ሴት በተወለደችበት መንደር ነው የምትጠራው፤ እሷም «የሃንባቷ» ነበረች። ሃንባት ተራራ ላይ የተንጠለጠለች፣ ጭሮ አዳሪ የሚኖርባት መንደር ናት። ጋልጎሎች ደግሞ በሥርዓት የሚኮሩ፣ በሙት ዓመት ለሟቹ በሚቀርበው ማዕድ ላይ ዓሣው የት ፖሙ የት ይቀመጥ ብለው ሲከራከሩ ሾርባው የሚቀዘቅዝባቸው ሰዎች ናቸው። የሃንባቷ ታዲያ በባሏ ሙት ዓመት ምን አደረገች? ሩዙን በበላተኛው ግራ፣ ሾርባውን በቀኙ አኖረች። ይህ የሕያው ሰው አቀማመጥ ነው፤ ሁላችንም በየቤታችን እንዲሁ ነው የምንበላው። ለሙት ግን ይገለበጣል፤ ሩዝ በቀኝ፣ ሾርባ በግራ። ይህን አፉን ያልፈታ ልጅ ያውቀዋል።

ወንድ ልጅ ስላልነበራት ጽዋውን የሚያቀርበው የሟቹ የአጎት ልጅ ዱሀን ነበር። ዱሀን የተዛባ ማዕድ ሲያይ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው። «አንቺ ሴት፣ ሙት ነው የምታበዪው ወይስ ባልሽ ከእርሻ ተመልሶ ነው?» ይላትና ሳህኖቹን በእጁ ያለዋውጣል። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዳሉ። ቀና ሲሉ ሩዙ ወደ ግራው ተመልሷል። በዓመቱም እንዲሁ፣ በሌላው ዓመትም እንዲሁ። ለማየት የመጣው የመንደሩ ተወላጅ ፖሊስ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ስቋል። ኋላ ዱሀን ሰለቸው። «ለሃንባት ድንጋይ ይገባዋል፣ ለሃንባቷ ግን አይገባትም» ብሎ ተወው። መንደሩ ግን አልተወውም፤ ሳህን ያዛባች ሙሽራ ሁሉ «የሃንባቷ» ትባል ጀመር።

ቡንሬ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። በእናቷ ታፍር ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። አግብታ፣ ከአማቷ ሥርዓት ተምራ፣ ለሙት ዓመቱ በመጣችበት ዓመት እንግዳ ሳይገባ ሳህኖቹን ራሷ አስተካከለች። እናቷ ከማድቤት ብቅ ብላ አየቻትና እጇን በጭልፋ መታቻት። ከዚያ በፊት መትታት አታውቅም። «አትንኪብኝ» ብላ ሩዙን ወደ ግራ መለሰች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቡንሬ ተቆጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ልጅ ታመመብኝ፣ መንገዱ ጭቃ ነው እያለች ለሙት ዓመቱ መምጣቱን ተወችው። እናቷ ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል፤ ዳገቱ ላይ ከባሏ ጉብታ ጎን ተቀብራለች።

አሁን ወደዚያው ዳገት ወጡ። ቆፋሪው እንደ ደንቡ ለተራራው መንፈስ የሩዝ ጠላ አፈሰሰ፤ ዱሀንም ሰማንያ ዓመቱን በዘንግ ተሸክሞ ቆሟል። የአባቷን ጉብታ ቆፈሩ። ሳንቃው በስብሶ ጥቁር አፈር ሆኗል። ቆፋሪው ዶማውን አስቀምጦ በእጁ ይጭር ጀመር፤ አጥንት በብረት አይነካም። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ድንጋይ ነው» አለ።

«ድንጋይ ከሆነ አውጣውና ቀጥል» አለው ቴግዩ።

«ከድንጋይ ሌላ ምንም የለም እኮ ነው የምልህ።»

አወጡት። ክብ ነው፤ መካከሉ ተበስቷል፣ ጠርዙ ላይ እጀታ የሚገባበት ጎድጓዳ አለው። ከሥሩ ተራ የወንዝ ድንጋይ ተደርድሯል። ጥርስ የለም፣ አጥንት የለም፣ ቁልፍ እንኳ የለም።

ቡንሬ ክቡን ድንጋይ ዐወቀችው። የቤታቸው የእጅ ወፍጮ የላይኛው ድንጋይ ነው። ልጅ ሆና አኩሪ አተር በሳፋ ተሸክማ «ወፍጯችሁን አውሱን» እያለች ጎረቤት ለጎረቤት የዞረችው ይህ ድንጋይ፣ አጎቷ ጋሪውን ይዞ ወደ ወደቡ በወረደ ሰሞን፣ ስለጠፋ ነው። የታችኛው ጓሮ ተቀምጦ ዶሮ ውሃ ይጠጣበት ነበር። የላይኛው የት ሄደ ስትላት እናቷ «ተሰበረ» ትላታለች። ያልተሰበረው ድንጋይ ይኸው አፈር ላይ ተቀምጧል። ቡንሬ የቃጫውን ጨርቅ አልፈታችውም፤ ጥቅሉን እንዳቀፈች ቁጭ አለች።

«ታዲያ ሰውዬው የት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሁሉም አንድ ነገር አስታወሰ። በጃፓኖች የመጨረሻ ዘመን አንድ መርፌ ነጋዴ፣ ማንቹሪያ ባቡር ጣቢያ ላይ ሰክጁን የመሰለ ሰው ባርኔጣ ደፍቶ ከጃፓኖች ጋር ሲስቅ አየሁ ብሎ ነበር። ያኔ «ሙት አይስቅም» ተባለና ወሬው ሞተ። አሁን ወሬው ከመቃብሩ ጋር አብሮ ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ በዘመድ አዝማዱ መሰብሰቢያ ቤት ተቀመጡ። ቴግዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። ፈሪ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም።

«አክስቴ፣ እኔን አይቀየሙኝ» አላት። «የት ነበር ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ሞተ ያልነው አልሞተም። ካልሞተ ደግሞ ነፃ ስንወጣ ለምን አልመጣም? ነገ አንዱ ተነሥቶ ጋልጎሎች ለባንዳ ሐውልት አቆሙ ቢልስ?»

«አባቴ ባንዳ አይደለም።»

«እኔም ነው አላልኩም። ቢሉስ ነው ያልኩት። የዘሩ ሽማግሌ አባባ ዱሀን ናቸው፤ እሳቸው ይመስክሩና ጠራቢው ይቀጥል። ካልሆነ ግን ፊቱን ፍቀን ‹የገበያው ቀን ሰልፈኞች› ብለን በጅምላ እንጽፈዋለን። የማንንም ስም ሳንጠራ።»

«እናቴስ?»

ቴግዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው የሚለውን ባልነግርዎ ይሻላል።»

«ንገረኝ።»

«መንደሩን ሁሉ ለወፍጮ አሰገደችው ነው የሚሉት።»

ቡንሬ ተነሥታ ወደ ዱሀን ቤት ሄደች። ልቧ አልወደደውም። እናቷን የመንደር መሳቂያ ያደረጋት ይህ ሰው ነው፤ ደጁን ከመርገጥ እሾህ ብትረግጥ ይሻላት ነበር። ግን ሌላ ደጅ አልነበረም።

ዱሀን ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው ወለል ላይ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ጥቁር ቆቡን እንዳደረገ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሰግዳ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ አንድ ቃል ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ለድንጋይ አሰገደችኝ» አለ ዱሀን። «እናትሽ። እኔን፣ የናምን ዘር ማዕድ የመራሁትን ሰው፣ ለወፍጮ አሰገደችኝ።»

«ፖሊስ መፈለጉን እንዲተው ብላ ነው።»

«እሱማ ገባኝ፤ ጃጀ አልሽ እንዴ? ፖሊሱን ማሞኘቷ ደግ አደረገች። እኔን የቆጨኝ ሌላው ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሙት ዓመት ማውጣት ሞትን በስሙ መጥራት ነው። የሙት እህል በየዓመቱ እያቀረቡለት ሰው ይኖራል? ዕድሜውን እኮ ነው የበላችበት። ባሏን የምትወድ ሴት ይህን ታደርጋለች? እኔ እናትሽን ሥርዓት አታውቅም አልኩ እንጂ ክፉ ናት ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን ልል ነው።»

ቡንሬ እጇን አየች። ጭልፋው ያረፈበት ቦታ ምንም ምልክት የለውም።

«አጎቴ፣ ሩዙን የት ነበር የምታኖረው?»

«ምኑን?»

«እናቴ። በአባቴ ማዕድ ላይ ሩዙን።»

«በግራ ነዋ! መንደር ሲስቅባት የኖረውን አሁን ከእኔ ልትሰሚ ነው? በግራ ነበር፣ እንደ…»

አልጨረሰውም።

«እንደ ሕያው ሰው» አለች ቡንሬ።

ዱሀን ፒፓውን አነሣ፤ ሳይለኩሰው መልሶ አስቀመጠው። ሲናገር እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ለአማቷም ሙት ዓመት ታወጣ ነበር፤ ለአያትሽ። በዚያው ገበታ፣ በዚያው ሳህን። ለአማቷ ሩዙን በቀኝ ነበር የምታኖረው፤ አንድ ቀን ተሳስታ አላየሁም። እንዴት ለአንዱ ዐውቃ ለአንዱ ትስታለች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም። ግትር ናት አልኩ።»

«ለእናንተ ሙት ዓመት ነበር» አለች ቡንሬ። «ለእሷ እራት ነበር። እራቱን እያቀረበችለት ነው የኖረችው።»

ከዚያ አለቀሰች። ለአባቷ በስምንት ዓመቷ አልቅሳ ጨርሳለች፤ ይህ ለእናቷ ነው። በፖሊስ ፊት ሞቷል ማለት ነበረባት፤ በባሏ ፊት ደግሞ አልሞትክም ማለት። ሁለቱን በአንድ ገበታ ላይ አቀረበቻቸው። ለማንም ሳትናገር፣ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ደንቆሮ መባልን እንደ ልብስ ለብሳ ኖረች። የገዛ ልጇ እንኳ እንደሌላው አፈረችባት።

ዱሀን ድንገት እጁን አነሣ።

«ቆይ» አለ። «ለወጠችው እኮ።»

«ምኑን?»

«ሳህኑን። አንድ ዓመት ለወጠችው። ናሱ የተወሰደ ጊዜ ነው፤ ጃፓኖች ለጥይት ብለው ከየቤቱ የናስ ሳህን የለቀሙ ጊዜ። ያን ዓመት ሙት ዓመቱን በሸክላ ነበር ያወጣነው። ገብቼ ሳይ ሩዙ በቀኝ፣ ሾርባው በግራ ነው። ማንም ሳይነግራት። ከዚያ ወዲያም እስክትሞት ድረስ አላዛባችውም።»

ቡንሬ ቀና አለች። ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

«እርስዎ ምን አሏት?» አለችው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የዱሀን አፍ ካመለጠው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያወቀው ግን አሁን ነው።

«ሳቅሁ» አለ። «ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹የናሱ ሳህን ሲሄድ ነው ሥርዓቱ የመጣው? የሃንባቷ፣ ዘንድሮ ገና ገባሽ?› አልኳት። ሰውም ሳቀ።»

«እሷስ?»

«አጎንብሳ ጽዋ ትጠርግ ነበር። ‹አዎ ጋሼ፣ ዘንድሮ ገባኝ› አለችኝ።»

ቡንሬ የዚያን ዓመት የብርድ ወራት አስታወሰች። እናቷ ሳትጠራ፣ ያውም በበረዶ፣ ተራራውን አቋርጣ ቤቷ መጥታ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ቢሏት «ምንም» አለች። ከልጇ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሳ አደረች፤ ይህን አድርጋ አታውቅም። ጠዋት ተነሥታ ሄደች። መርዶውን ማን እንዳመጣላት፣ የጨው ነጋዴ ይሁን መንገደኛ፣ የሚያውቅ የለም። ጃፓኖች ሲሄዱስ ለምን አልተናገረችም? ወዲያው ሌላ ዘመን መጣ፤ ማንቹሪያ ጫካ የገባ ሁሉ ቀይ ነው፣ ኮሚኒስት ነው ተብሎ ቤተሰቡ የሚለቀምበት ዘመን። አፏን መዝጋት ደግሞ ለምዳዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ዱሀን መሰብሰቢያው ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ተናገረ። የሩዙን ነገር ተናገረ፤ የራሱንም ሳቅ አልደበቀም። አብረውት የሳቁ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩና አንገታቸውን ደፉ።

«ባንዳ ቢሆን ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «በፈረስ ተቀምጦ በመንደሩ መሐል ይመጣ ነበር። የባንዳ ሚስት ወፍጮዋን ቀብራ ጎረቤት ስትለምን አትኖርም። ቴግዩ፣ ሌላ የሚያስፈራህ ነገር አለ?»

«የለም፣ አባባ» አለ ቴግዩ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ለጠራቢው የትኛውን ዓመት ልበለው?»

«ናሱ የተወሰደበትን ዓመት።»

ጠራቢው እስከ ማታ ጨረሰው። የእናቷን አጥንት አወጡና ቡንሬ በአንዱ ጨርቅ ጠቀለለችው። ሁለተኛው ጨርቅ ተረፈ። ቴግዩ የወፍጮውን ድንጋይ ወንዝ እናስጥለው ይሆን ብሎ ሲጠይቃት፣ «እሱ ነው ከእናቴ ጎን የኖረው» ብላ በአባቷ ጨርቅ ጠቀለለችው። ከሐውልቱ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ሥርዓት የለም፤ ዱሀን ግን አንድ ቃል አልተናገረም።

ሐውልቱ በቆመበት ቀን ማዕዱ ፊቱ ተዘረጋ። ሳህን የምታኖረው ቡንሬ ናት። የእናቷን ሩዝ በቀኝ አደረገች። የአባቷን ስታነሣ እጇ ያዝ አለባት። እናቷ የምትቆምበት ጎን ነው የቆመችው፤ ግራው ቅርብ ነው። ሳህኑን ይዛ ትንሽ ቆየችና በቀኝ አኖረችው።

ሰዉ ሁሉ ከልማዱ የተነሣ ዱሀንን አየ። ዱሀን ዘንጉን እየተመረኮዘ ቀረበ፤ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ።

«ልክ ነው» አለ። ወደ እናቷ ሳህን ዞሮ ደግሞ፣ ሌላው ሰው ባይሰማውም ቡንሬ እየሰማችው፣ «ያኔም ልክ ነበር» አለ።

ከዚያ ዘንጉን ለቴግዩ ሰጥቶ ተንበረከከ። ሁሉም ግንባሩን መሬት አስነካ። ከገበታው አጠገብ የቆመችው ቡንሬ ብቻ ነበረች፤ ሁለት እጆቿን አጣጥፋ ያዘቻቸው። ቀና ሲሉ ሩዙ በቀኝ እንዳለ ነበር።